ከባላጋራ የተቀበሉት ቃል

በ661 የነቢዩ ሙሐመድ አማች ዓሊ ኢብን አቢ ጧሊብ ኢራቅ፣ ኩፋ መስጊድ ውስጥ መርዝ በተቀባ ሰይፍ ተመትተው ሞቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዳያቸው ኢብን ሙልጀም ከዓሊ ተገንጥለው ከወጡት ከኸዋሪጆች ወገን ነበር። ከዚያው ወገን የሆነው ባለቅኔ ዒምራን ኢብን ሒጧን ገዳዩን እያወደሰ ግጥም ገጠመለት። ሱኒውም ሺዓውም እስከ ዛሬ ያንን ግጥም በሐዘንና በቁጣ ያነሱታል። የዚሁ ሰው ስም ግን በሱኒው ሊቅ በኢማም ቡኻሪ የሐዲስ (ከነቢዩ የሚነገር ዘገባ) ስብስብ ውስጥ፣ ስለ አልባሳት በሚናገረው ክፍል፣ የሐር ልብስን በሚመለከት ዘገባ ሰንሰለት ላይ ተቀምጧል።

ኢማም ቡኻሪ ግጥሙን ስለወደዱት አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት የሰውየውን አቋም ከአንደበቱ እውነተኛነት ነጥለው መመርመር ለምደው ስለነበር ነው። ኸዋሪጆች ኃጢአት በሠራ ሰው ላይ እጅግ ይጨክኑ ስለነበር በነቢዩ ስም ለመዋሸት አይደፍሩም ተብሎ ይታሰብ ነበር። አቡ ዳውድ ሳይቀሩ ከተቃራኒ ወገኖች ሁሉ በዘገባ የእነሱን ያህል ትክክለኛ እንደሌለ ተናግረዋል።

የሺዓ ጸሐፍት ይህንኑ እውነት ይዘው ይከስሳሉ። የዓሊን ገዳይ ያወደሰ ሰው ቡኻሪ ውስጥ ሲገባ፣ ከነቢዩ ዘር የሆኑት ኢማም ጃዕፈር አስ-ሷዲቅ ለምን በዚያ መጽሐፍ ዘጋቢ ሆነው አልተጠሩም ይላሉ። ክሱ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በማጣጣል የሚታለፍም አይደለም። ቡኻሪ ሶሒሕ በተባለው ስብስባቸው ከኢማም ጃዕፈር አልዘገቡም። ኢማም ሙስሊምና ሌሎች የሱኒ ሐዲስ ሰብሳቢዎች ግን ዘግበዋል፤ አብዛኞቹ የሱኒ ሐያሲያንም ታማኝነታቸውን መስክረዋል። አንድን ሰው አለመጥቀስና አንድን ሰው መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢሆንም ጥያቄው የሱኒ ተማሪን ዝም ብሎ እንዳያልፈው የሚያደርግ ክብደት አለው።

ስለ ሁለቱ ወገኖች ዘወትር የሚነገረው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰው አምኖ የሌላውን ይጥላል የሚል ነው። በየመድረኩ ይህ ሲደጋገም ሰው ሁሉ እንደ ታወቀ ነገር ይዞታል። የሁለቱም ወገን የዘጋቢ መዝገቦች ሲገለጡ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። በሁለቱም በኩል ባላጋራን ሰምቶ እውነተኛ ከሆነ ቃሉን መቀበል፣ የራስንም ሰው ውሸታም ከሆነ በአደባባይ መጣል፣ ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ልማድ ነበር። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች የጎዱትም ይህንኑ ልማድ ነው።

ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ቃሉ ራሱ ሲሆን ሌላው ሰነድ የሚባለው፣ እገሌ ከእገሌ ሰማ እያለ ወደ ምንጩ የሚወስደው የስሞች ሰንሰለት ነው። ታቢዒዩ (ከባልደረቦቹ ቀጥሎ ከመጣው ትውልድ የሆኑት) ኢብን ሲሪን በ729 ገደማ ከመሞታቸው በፊት እንዳስረዱት፣ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ስለ ሰንሰለት አይጠይቁም ነበር፤ የእርስ በርስ ብጥብጡ ሲነሣ ነው ዘጋቢዎቻችሁን ጥሩልን ማለት የጀመሩት። ስለዚህ የዘጋቢዎች ምርመራ የተወለደው ከመለያየቱ ውስጥ ነው። ሱኒና ሺዓን የለየው፣ ደም የፈሰሰበት ዘመን ሁለቱንም ተጠያቂነት አስተማራቸው።

በሱኒ በኩል ጥበቡ በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በሹዕባ ኢብን አል-ሐጃጅ፣ በየሕያ አል-ቀጧን፣ በዓሊ ኢብን አል-መዲኒ፣ በአሕመድ ኢብን ሐንበል እጅ ደረጀ። ከሁሉም በላይ አሠራሩን የሚያሳየው የየሕያ ኢብን መዒን ታሪክ ነው። ኢብን መዒን የበስራው ሊቅ ሐማድ ኢብን ሰለማ ያስተማሩትን መጻሕፍት ከአሥራ ሰባት ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ሰሙ። ከዚያም ተነሥተው አሥራ ስምንተኛውን ፍለጋ ወደ በስራ ሄዱ። አሥራ ስምንተኛው ሰው ተገርሞ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሃል ብሎ ጠየቃቸው። ኢብን መዒንም ሐማድ ይሳሳቱ እንደነበር፣ የእሳቸውን ስሕተት ከተማሪዎቻቸው ስሕተት ለመለየት እንደሚፈልጉ ነገሩት። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው ከተገኙ ስሕተቱ የመምህሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከተገኘ ግን ስሕተቱ የእሱ ነው።

ይህ ምርመራ የሰውን እምነት በማየት የሚያበቃ አልነበረም፤ ቃልን ከቃል እያስተያዩ የሚሠራ ሥራ ነበር። ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ዐዳላ፣ ማለትም የሰውየው ቀናነትና ሃይማኖተኛነት፤ ደብጥ፣ ማለትም የማስታወስና በትክክል የማስተላለፍ ችሎታ። ጻድቅ ሆኖ የሚረሳ ሰው ዘገባው ይወድቃል። በጾምና በጸሎት የታወቁ ስንት ደጋግ ሰዎች በመዝገቡ ውስጥ «ደካማ» ተብለው ተጽፈዋል! ሚዚ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጁት ትልቅ መዝገብ ወደ 8,000 የሚሆኑ ዘጋቢዎችን ይዟል። በ1449 ካይሮ ውስጥ የሞቱት ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ያንን አሳጥረው እያንዳንዱን ሰው በአሥራ ሁለት ደረጃ መደቡት። የመጀመሪያው የነቢዩ ባልደረቦች ደረጃ ነው፤ የመጨረሻው በሐዲስ ፈጠራና በውሸት የተያዙት ናቸው።

ባላጋራን የሚመለከተው ጥያቄ የሚፈተነው በአባን ኢብን ተግሊብ ነው። አባን በ758 የሞቱ የኩፋ ሊቅ፣ የኢማም ጃዕፈር የቅርብ ተማሪና ያልተደበቁ ሺዓ ነበሩ። የሺዓ መዝገብ አዘጋጅ የሆኑት ነጃሺ ስለ እሳቸው ሲጽፉ ከኢማም ጃዕፈር 30,000 ሐዲስ እንዳስተላለፉ የሚናገር ዘገባ አስፍረዋል። በሱኒ በኩል ደግሞ ኢማም ሙስሊምና ሱነን የተባሉት የአራቱ የሐዲስ ስብስቦች አዘጋጆች ዘገባቸውን ወስደዋል። በ1348 ደማስቆ ውስጥ የሞቱት ዘሀቢ የደካማ ዘጋቢዎችን መጽሐፍ ሲጀምሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች አባንን ያነሣሉ። አቋማቸውን አይደብቁም፤ ጽኑ ሺዓ መሆናቸውን ጽፈው፣ እውነተኛነታቸው ለእኛ፣ የእምነት ስሕተታቸው ለራሳቸው ይሁን በሚል መንፈስ ይቀበሏቸዋል። ቀጥሎም ምክንያቱን ይዘረዝራሉ። ከቀደምቶቹ መካከል ወደ ዓሊ የሚያዘነብሉ ሃይማኖተኛና እውነተኛ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የእነዚህ ሁሉ ዘገባ ይጣል ቢባል ከነቢዩ ቅርስ ብዙው አብሮ ይጠፋል።

ድንበር ግን ነበረው። የነቢዩን ባልደረቦች የሚሳደብ ሰው ወይም ሰዎችን ወደ ቡድኑ የሚጠራ ሰባኪ በብዙዎቹ ዘንድ ይጣላል፤ በተለይ ዘገባው የራሱን አቋም የሚደግፍ ከሆነ። ሐያሲው ራሱም ይመረመር ነበር። ጁዘጃኒ የተባሉት ታዋቂ ሐያሲ ለዓሊ ወገን ባላቸው ጥላቻ የተነሣ የኩፋን ሰዎች አለቅጥ ይነቅፉ ስለነበር፣ በኩፋ ዘጋቢ ላይ የጻፉት ነቀፋ በጥንቃቄ እንዲታይ ኢብን ሐጀር አሳስበዋል። መዛኙ ራሱ እዚህ ላይ ተመዝኗል፤ ይህም የጥበቡ ትልቅ ክብር ነው።

ወደ ሺዓ ሲመጣ መነሻው ራሱ ይለያል። ከቀደሙት ትልልቅ መዝገቦች የአንዱ አዘጋጅ ነጃሺ የባግዳድ ሰው ነበሩ፤ የሞቱትም በ1058 ነው ይባላል። ከአክሱሙ ንጉሥ ጋር ስማቸው ይገጣጠማል እንጂ ዝምድና የላቸውም። መጽሐፋቸውን የጻፉት ተቃዋሚዎች እናንተ ቀደምት ሊቃውንትም መጻሕፍትም የላችሁም እያሉ ሺዓን ስለተሳለቁ ነው። ስለዚህ ከ1,200 በላይ የሆኑት ስሞች በአብዛኛው የመጻሕፍት ባለቤቶች ስሞች ናቸው፤ እገሌ ይህን መጽሐፍ ጻፈ፣ መጽሐፉን እነ እገሌ አደረሱልን ይላል። የሱኒው መርማሪ ከአፍ ወደ ጆሮ የሄደውን ቃል ሲከታተል የሺዓው መርማሪ ይበልጡን ከእጅ ወደ እጅ የሄደውን ደብተር ይከታተላል። ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው ይህን ካልያዘ የሺዓ መዝገብ አጭር ነው፣ ስለ ሰዎቹ ትዝታ ትንሽ ነው የሚያወራው ብሎ በከንቱ ይነቅፋል።

ሌላው ልዩነት ዘመኑ ነው። ለሱኒ ሐዲስ በዋናነት የነቢዩ ቃልና ሥራ ነው። ለሺዓ አሥራ ሁለቱ ኢማሞች ከስሕተት የተጠበቁ ስለሆኑ የእነሱም ቃል ሱና ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ኢማም ጃዕፈር ዘንድ ሲደርስ ያቆማል፤ ከእሳቸው ወደ ነቢዩ ያለው መንገድ አይጠየቅም። ለሱኒ ተመራማሪ ይኸው ቃል ከነቢዩ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የኖሩ የአንድ ታላቅ ሊቅ ንግግር ነው፤ ከእሳቸው በላይ ያለው ሰንሰለት መቅረብ አለበት። የሺዓው ተመራማሪ በበኩሉ ሱኒውን መልሶ ይጠይቀዋል፦ አንተም የምታቆምበት ቦታ አለህ፤ ባልደረቦቹን ሁሉ ሳትመረምር ታልፋቸዋለህ።

እውነትም ሁለቱም የሚያቆሙበት ቦታ አላቸው። በሱኒ ዘንድ ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ሁሉ ዐዱል፣ ማለትም የታመኑ ናቸው። ይህ ከስሕተት የጸዱ ናቸው ማለት አይደለም፤ በነቢዩ ላይ ሆነ ብለው አይዋሹም ማለት ነው። ከ5,000 በላይ ዘገባ የሚቆጠርላቸው አቡ ሁረይራ በሱኒ ዘንድ ከዘጋቢዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ሲሆኑ በሺዓ ዘንድ ግን አይታመኑም። ሺዓ ነቢዩን ማየት ብቻውን ለማንም የምስክር ወረቀት አይሆንም ብሎ ሰልማንን፣ አቡ ዘርን፣ ሚቅዳድን፣ ዐማርን ያከብራል፤ ሌሎቹን ግን ከዓሊ ጋር በነበራቸው ግንኙነት ይመዝናል። የሚያለያያቸው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ በማንም ጥሩ ምኞት የሚሸፈን አይደለም። የሱኒ መመዘኛ ሳይመረምር የሚያልፈው ትውልድ አለው፤ የሺዓ መመዘኛ ሳይመረምር የሚያልፈው ቤተሰብ አለው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰው ግን ሁለቱም በተመሳሳይ ጥያቄ ያፋጥጡታል።

የሺዓ ሊቃውንት በራሳቸው ሰዎች ላይ የነበራቸው ጭካኔ ደግሞ ብዙም አይነገርለትም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቁም የተባለችው የኢራን ከተማ የሐዲስ ከተማ ነበረች። የከተማዋ አለቃ አሕመድ ኢብን ሙሐመድ ኢብን ዒሳ አል-አሽዐሪ ስለ ኢማሞች ወሰን ያለፈ ነገር የሚያወሩትን ከከተማ ያባርሩ ነበር። ሰህል ኢብን ዚያድን አባረሩ። አሕመድ አል-በርቂን ደግሞ ራሳቸው ውሸታም ሳይሆኑ ከደካማ ሰዎች ያለ ጥንቃቄ ስለሚዘግቡ አስወጧቸው። ኋላ ግን አል-አሽዐሪ ፍርዱ እንደከበደ ተረዱ፤ በርቂን ወደ ቁም መልሰው ይቅርታ ጠየቁ። በርቂ ሲሞቱም በቀብራቸው ላይ ባዶ እግራቸውንና ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ሄዱ ይባላል። የሰውን ስም በመጽሐፍ ማቁሰል ምን ያህል እንደሚከብድ የገባው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ጥንት በሺዓ ዘንድ አንድ ዘገባ ሶሒሕ (ትክክለኛ) የሚባለው ልዩ ልዩ ማስረጃ ሲደግፈው ነበር፦ በታወቁት የቀድሞ ደብተሮች ውስጥ መገኘቱ፣ ሊቃውንት ሲሠሩበት መኖራቸው። ነገር ግን ደብተሮቹ እየጠፉ ሄዱ። ሰልጁቆች በ1055 ባግዳድ ከገቡ በኋላ በነበረው ሁከት የሺዓው ሊቅ የጡሲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ እሳቸውም ወደ ነጀፍ ተሰደዱ። ማስረጃው ሲሳሳ በሰንሰለቱ ላይ መደገፍ ግድ ሆነ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አሕመድ ኢብን ጣውስ፣ ቀጥሎም በ1325 የሞቱት ተማሪያቸው ዓላማ አል-ሒሊ ዘገባዎችን በአራት ከፈሏቸው፦ ሶሒሕ፣ ሐሰን (መልካም)፣ ሙወሠቅ፣ ደዒፍ (ደካማ)።

ከአራቱ ሙወሠቅ የሚባለው በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሙወሠቅ ማለት ዘጋቢው የአሥራ ሁለቱን ኢማሞች መንገድ የማይከተል ሆኖ ሳለ በእውነተኛነቱ ግን የተመሰከረለት ነው። ለባላጋራ ቃል በምደባው ውስጥ ቋሚ መቀመጫ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ሐፍስ ኢብን ጊያስ ናቸው። ሐፍስ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን በባግዳድና በኩፋ ዳኛ የነበሩ ሱኒ ናቸው፤ ዘገባቸው በቡኻሪም በሙስሊምም አለ። ጡሲ ግን የሺዓ ማኅበረሰብ ከሠራባቸው የሱኒ ዘጋቢዎች መካከል ስማቸውን ይጠራሉ፤ ነጃሺም መዝግበዋቸዋል። ሺዓው አባን በሱኒው ሙስሊም መጽሐፍ፣ ሱኒው ሐፍስ በሺዓ መዝገብ። እነዚህ ሁለት ስሞች ብቻ «የራሳቸውን ሰው ብቻ ያምናሉ» የሚለውን ወሬ ለማቆም ይበቃሉ።

ነገሩ ሁሌም እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም። ኩፋዊው ጃቢር አል-ጁዕፊ ሁለቱንም ወገን ከፋፍለዋል። ሹዕባና ሱፍያን አስ-ሠውሪ ሲያመሰግኗቸው አቡ ሐኒፋ ከእሳቸው የባሰ ውሸታም አላየሁም ብለዋል። በሺዓ በኩልም ኢብን አል-ገዳኢሪ ሰውየው ራሳቸው የታመኑ ናቸው፤ ከእሳቸው የዘገቡት ግን አብዛኞቹ ደካሞች ናቸው ሲሉ፣ ነጃሺ ነገር የተደባለቀባቸው አድርገው ጽፈዋቸዋል።

የአራቱ ደረጃ ክፍፍል በሺዓ ውስጥ ራሱ ከባድ ተቃውሞ ገጥሞታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙሐመድ አሚን አል-አስተራባዲ ይህ ከሱኒዎች የተቀዳ ነው፤ የቀደምቶቻችንን መጻሕፍት ያፈርሳል ብለው ተነሡ። አኽባሪ የተባለው ወገን ከዚህ ጠነከረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቢህበሃኒ በከርበላ የተቃራኒዎቻቸውን፣ የኡሱሊዎችን መንገድ አሸናፊ እስካደረጉ ድረስ ክርክሩ ሰዎችን እርስ በርስ አቆራረጠ። የአስተራባዲ ወቀሳ ከፊሉ ልክ ነበር፤ ምደባው ከጎረቤት የተወሰደ መልክ አለው። ግን ጥሩ መመዘኛ ከጎረቤት መውሰድ ምን ነውር አለው? በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተገደሉት ሸሂድ አሥ-ሣኒ በደማስቆና በካይሮ ከሱኒ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል፤ ከዚያ ተመልሰው ነው በሺዓ ዘንድ የሐዲስን መመዘኛ ሥርዓት በመጽሐፍ ያደራጁት።

በዘመናችን ነጀፍ ላይ አቡል-ቃሲም አል-ኹኢ (1899–1992) ከ15,000 በላይ ስሞችን የያዘ መዝገብ አዘጋጁ። ኹኢ ለረጅም ዓመታት «ካሚል አዝ-ዚያራት» በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሰንሰለቶች ውስጥ የተገኘን ሰው ሁሉ የታመነ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። በዕድሜያቸው ማብቂያ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ምስክርነቱ የደራሲውን ቀጥተኛ መምህራን ብቻ ይመለከታል አሉ። በአንድ ውሳኔ ብዙ ዘጋቢዎች ደረጃቸውን አጡ፤ በእነሱ ላይ የቆሙ ብይኖችም ዳግም መታየት ነበረባቸው። በዚያ ዕድሜና በዚያ ማዕረግ የገነቡትን በእጃቸው ማፍረስ የቻሉት ለዘገባ እውነት ከስማቸው በላይ ስለተጨነቁ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም እያለ በዐረብኛ ሳተላይት ቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄደው ክርክር ምን ይመስላል? የሱኒው ተከራካሪ ከኩለይኒ «አል-ካፊ» አንድ አስደንጋጭ ዘገባ አውጥቶ ይኸውላችሁ እምነታቸው ይላል። «አል-ካፊ» ከ16,000 በላይ ዘገባ ያለው ሲሆን፣ በኋለኞቹ የሺዓ ሊቃውንት መስፈርት ሲመዘን ከግማሽ የሚበልጠው ሰንሰለቱ ደካማ ተብሏል። በ1699 የሞቱት መጅሊሲ እያንዳንዱን ዘገባ እየመደቡ ማብራሪያ ጽፈውለታል። ተከራካሪው ይህን አይናገርም። የሺዓው ተከራካሪም በተራው ከጦበሪ የታሪክ መጽሐፍ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ይኸው በገዛ መጽሐፋችሁ ይላል፤ ጦበሪ ግን በመግቢያቸው የደረሳቸውን እንዳለ እንደሚያስተላልፉ፣ ኃላፊነቱም የዘጋቢዎቹ እንደሆነ አስቀድመው አስታውቀዋል። ሁለቱም ተከራካሪዎች የተጋጣሚያቸውን መጽሐፍ ያነበቡ ይመስላሉ እንጂ የተጋጣሚያቸውን መዝገብ አልገለጡም። ይህ የዕውቀት ጉድለት ብቻ ሳይሆን በምስክርነት ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ለሺህ ዓመት የታገሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነውና።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሙስሊም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው የተማሩትና በ2020 መካ ውስጥ ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ዓሊ አደም ዳር አል-ሐዲስ በተባለው ትምህርት ቤት አስተምረው ለነሳኢ ሱነን ከ40 ጥራዝ በላይ ማብራሪያ ጽፈዋል፤ በየገጹም ዘጋቢዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ከዚያ ቀደም በ1950ዎቹ ሐረሬው ሸይኽ ዐብዱላህ አል-ሀረሪ ደማስቆ ውስጥ ስለ መቁጠሪያ በተነገረ ሐዲስ ከናስሩዲን አል-አልባኒ ጋር በጽሑፍ ተሟግተዋል። አልባኒ ዘገባው የፈጠራ ነው ሲሉ ሀረሪ የሐዲስ ምዘና የሁሉም ሰው ሥራ አይደለም ብለው ተቃወሙ።  ሁለቱም ሱኒዎች ነበሩ፤ ያከራከራቸውም የዘጋቢዎቹ ማንነት ነበር። በሱኒ ውስጥም መዝገቡ እንዳልተዘጋ ይህ ያሳያል።

በአማርኛ ግን አንባቢው የሚያገኘው በብዛት የቃሉን ትርጉምና መጨረሻው ላይ ያለውን የመጽሐፉን ስም ነው። ከዋናዎቹ ሁለት ሶሒሖች (ከቡኻሪና ከሙስሊም) ውጭ ለሆነ ዘገባ ይህ አይበቃም። ተርጓሚዎች ከእያንዳንዱ ዘገባ ሥር የሱኒ ሐያሲያን የሰጡትን ደረጃ ማስፈር፣ አከራካሪ ዘጋቢ ካለ በአንድ መስመር መጥቀስ ይችላሉ። ስለ ሺዓ የሚጽፍም ከ«አል-ካፊ» ሲጠቅስ የመጅሊሲን ፍርድ አብሮ ያስቀምጥ፤ የመድረክ ጠያቂም እንግዳው ሐዲስ ሲያነሣ ደረጃውን ይጠይቀው። የኢብን ሐጀርም የነጃሺም መዝገቦች ዛሬ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ኢብን መዒን በስራ ድረስ የሄዱበትን ጥያቄ አንድ ተማሪ በደቂቃዎች ውስጥ መልሱን መፈለግ ይችላል። በዐረብኛ ደርስ ላይ ያሉ ወጣቶች ይህን ሥራ ከሁለቱም ወገን መጻሕፍት ቢጀምሩት መልካም ነው፤ ከአባንና ከሐፍስ ቢነሡ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው።